በፎሌ የወረደችው መኪና

ቤንዚን በመቆጠብ ዳልጮን የሚስተካከል ሹፌር በአርባ ምንጭ አልነበረም። ላይኛው ከተማ ሴቻም፣ ታችኛው ሲቀላም ይህን ያውቁለት ነበር። ዘመኑ ደርግ ቤንዚን በኩፖን የሚያድልበት፣ ባለመኪናው ሁሉ ማደያ በር ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ተራ ሲጠብቅ የሚውልበት ነው። ዳልጮ ግን ከሴቻ ወደ ሲቀላ ሲወርድ ገና ከግቢው በር ላይ ሞተሩን ያጠፋና ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ መኪናዋን ለቁልቁለቱ ይለቃታል። ፎሌ ማለት፣ መሪ ላልያዛችሁ ልጆች፣ ማርሽ የሌለበት ባዶው ቦታ ነው፤ ሞተርና ጎማ ይለያዩና መኪናዋ በገዛ ክብደቷ ትወርዳለች። ገበያው መሃል እስኪደርስ አንዲት ጠብታ አያቃጥልም። መንገደኛው የጎማ እሽታ ብቻ ሰምቶ ዞር ሲል ነጯ መኪና በአጠገቡ እልፍ ትላለች። የሲቀላ ልጆች «መንፈሷ መጣች» ይሏት ነበር።

ዳልጮ ይህን ከራሱ አላመጣውም። ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ የጭነት ሹፌር ደግሞ ቁልቁለት ሲያገኝ እንዲህ ማድረግን ረዳት ሳለ ከሹፌሩ ይማራል፣ በተራው ለረዳቱ ያስተምራል። አንድ ክረምት መኪና ተገልብጦ ጉልበቱን ከሰበረው በኋላ ነው ጭነቱን ትቶ ሲስተር ኢንግሪድ ለምትባል ፈረንጅ አዋላጅ ሹፌር የሆነው። ነጯ መኪና የእሷ ነበረች። ኋላዋ ረዘም ያለ፣ አልጋ የሚያዘረጋ ዋገን ናት። በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሹን ራሷ ነው የምትቀያይረው። አውቶማቲክ ይሏታል። ለተሰበረ ጉልበት እንደ እሷ የሚመች አልነበረም። በኋላ የምትሠራበት የሚስዮን ግቢ ተወርሶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ፣ ሲስተር አገሯ እንድትመለስ ስትታዘዝ ቁልፉን ዳልጮ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን በገዛ እጇ አጠፈቻቸው። «እናንተ ጋ ትቅር» አለችው። ሌላ ማለት አልቻለችም።

አሁን ዳልጮ ከዚህች መኪና አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው። እናቱን በሕይወቷ ወደ ገረሴ እንድታደርስለት።

እናቱን «አዮ» ይላታል፤ በጋሞኛ «እማዬ» እንደማለት ነው። ጎረቤቱም ከእሱ ሰምቶ አዮ ነው የሚላት። ከገረሴ ደጋ ወርዳ የማታውቅ ሴት፣ እግሯ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራት ዳልጮ ሄዶ በመኪናው አመጣትና ሆስፒታል አስገባት። ሐኪሙ ልቧን አዳመጠ፣ ኪኒን ሰጣት፣ ከርሞ ደግሞ አዳመጠ። በመጨረሻ ዳልጮን ወደ ኮሪደሩ ጠራውና «አባቴ፣ ከዚህ በላይ የምንጨምርላቸው የለም። ምን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው» አለው።

ጠየቋት። የፈለገችው ቤቷን ነበር።

«እዚህ ያለው አየር ሌላ ሰው ተንፍሶ የጨረሰው ነው» አለች፣ በየቃሉ መሃል እያረፈች። «በእንሰቴ መሃል አልፌ ቤቴ ልግባ። ሬሳዬን እንዳትወስድ፣ ዳልጮ። እኔን ውሰደኝ።»

«እወስድሻለሁ፣ አዮ።»

«መቼ?»

«መኪናዋን ልይና።»

መኪናዋን ልይና ያለው በምክንያት ነው። አዮን ካመጣ ወዲህ ነጯ መኪና ጠባይዋ ተለውጧል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ይለግማል። ነዳጁን ሲረግጥ ድምፁ ይጨምራል እንጂ ጉዞው አይጨምርም። ያለ እሷ ደግሞ መላ የለም። የገረሴ መንገድ በዝናብ ተበልቶ አውቶቡስ ካቆመ ቆይቷል፤ በገበያ ቀን የሚወጣው የጭነት መኪና ሰውን ከጨው ጆንያ ጋር ከላይ ነው የሚጭነው፤ አዮ ትራስ ተደግፋ ካልሆነ መቀመጥ አትችልም። በቃሬዛ እንዳይሏት የቆላው ሜዳ ሙቀት ዳገቱ ሥር ሳትደርስ ይጨርሳታል። በየቢሮው መኪና ለምኖ ነበር። አንዱ ጎማ የለንም አለ፣ ሌላው ለዘመቻ ወጥቷል አለ። ቤንዚን እንኳ ሞልቶታል፤ የቆጠበው ጀሪካን ሙሉ ከአልጋው ሥር ተቀምጧል።

በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ሲጎነበስ ሚስቱ አገርነሽ ከኋላው መጥታ ቆመች። አገርነሽ የሲስተር ኢንግሪድ ወጥ ቤት ነበረች፤ በዚያ ግቢ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች፣ የሰማችውንም አትረሳም።

«ምን እያየህ ነው?»

«የማርሹን ዘይት።» ረጅሙን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዞ አሳያት። «ይኸው፣ ሙሉ ነው። እንዲያውም ከምልክቱ አልፏል። አምና በዝቶባታል ብዬ ቀንሼላት ነበር፣ አሁንም ሙሉ ነው።»

«ሞተሩ ጠፍቶ?»

«ታዲያስ? የሞተር ዘይት ሲታይ ሞተሩ ይጠፋ የለም እንዴ?»

«እሷ እንደዚያ አልነበረም የምታየው» አለች አገርነሽ። «አስነስታ፣ አሙቃ፣ እንደበራ ነበር የምታየው። ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁማ። እኔ ጨርቁን እይዝላት ነበር።»

«ፈረንጅ ናታ። ቤንዚን እንደ ውሃ የሚወርድበት አገር ያደገች ሰው በሞተር ብትለካ ምን ይገርማል?»

«ይሁንላት። መኪናዋ ግን እሷ ጋ ትወጣ ነበር፤ አንተ ጋ ነው የተኛችው።»

ዳልጮ ዘንጉን መልሶ ሰካው። ሴቻ ያለው ግቢው ተዳፋት ነው፤ ባልዲ ብታስቀምጡበት ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱም መኪናዋን ማስተካከል ያዙ። ዳልጮ በክሪክ ዝቅ ያለውን ጎኗን እያነሳ ከጎማዎቿ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይና ሳንቃ ያስገባል፤ አገርነሽ ሰፊ የቆርቆሮ ሳህን ውሃ ሞልታ የመኪናዋ ወለል ላይ አስቀምጣ በበሩ አጎንብሳ ታያለች።

«ውሃው ወዴት ነው?»

«ወደ አጥሩ።»

«ብዙ ነው?»

«ሊፈስ ነው። ድንጋይ ጨምር።»

ጨመረ። «አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ወደ ቤቱ መጣ። አበዛኸው። ሰው እንዴት ዕድሜውን መኪና ነድቶ ለጥ ያለ ነገር አያውቅም?»

«በዚህ አገር ለጥ ያለ መንገድ የት አለና?»

አዮ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋዋ ሆና ትሰማቸዋለች። «ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች።

«መኪናዋን ውሃ እናጠጣታለን፣ አዮ» አለቻት አገርነሽ።

«አጠጧት፣ አጠጧት። እሷም ሙቀቱ ገድሏት ይሆናል።»

ውሃው በሳህኑ ዙሪያ እኩል ሲሆን ዳልጮ ሞተሩን አስነሳ። የሚቃጠለውን ቤንዚን እያሰላ እስክትሞቅ ጠበቀ። ከዚያ ሲስተር ታደርገው የነበረውን አገርነሽ እየነገረችው፣ ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን በየምልክቱ አሳለፈ፤ ወደ ኋላው፣ ወደ ፎሌው፣ ወደ ፊቱ፤ በየአንዱ ትንሽ እየቆየ መጨረሻ መቆሚያው ላይ መለሰው። ወረደና ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን መዘዘ። ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠረገው፣ እስከ መጨረሻው መለሰና እንደገና መዘዘው።

ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ እርጥበት ነበር። ከታችኛው ምልክት በጣም በታች።

«ደርቃለች» አለ ቀስ ብሎ።

አገርነሽ በድል አልሳቀችም። «ጠፍታ ሳለች የምታየው ዘይት ከላይ ወርዶ ሥሯ የተጠራቀመው ነው» አለች። «ሲስተር እንዲህ ነበር የምትለው።»

ዳልጮ ዘንጉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ይህ ዘይት ቀይ መሆን ነበረበት፤ አሁን የተቃጠለ ቡና ዝቃጭ ይመስላል፣ ሽታውም የነደደ ጨርቅ ነው። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ትዝ አለው። አንድ ቀን ሲስተርን አጠገቡ አስቀምጦ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ ሊወርድ ሲል እጇን ሰድዳ ቁልፉን መልሳ አዙራው ነበር። «ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ይቆማል፣ ዳልጮ» ብላው ነበር። «ጎማው ግን አይቆምም። ሆዷን ያቃጥላታል።» እሱ ፍሬን ይበጠሳል ብላ የፈራች መስሎት በሆዱ ስቆባታል።

የጭነት መኪናዎቹ ምንም አይሆኑም ነበር። ይህቺ ግን ሞተሩ ካልዞረ ዘይቱ ወደ ሆዷ አይደርስም። ያ ሁሉ የሴቻ ቁልቁለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዮን ያመጣበት ቀን፤ ከገረሴ አፋፍ እስከ ቆላው ሜዳ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ሞተር አጥፍቶ።

«ምነው?» አለች አገርነሽ።

«ምንም» አለ። «ዘይት ላምጣ።»

በእግሩ እያነከሰ ሲቀላ ወረደ። የመኪና ዘይትና ዕቃ የሚሸጠው ከድር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ከሩቅ አየውና ሳቅ ጀመረ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ በእግር? ቁጠባው መኪናዋን እስከ መተው ደረሰ?»

«የአውቶማቲክ ዘይት አለህ ወይ፣ ከድር?»

ከድር ፊቱን አይቶ ሳቁን ተወ። «እሱ ድሮም አይመጣልኝም። ለማን እሸጠዋለሁ? አውቶማቲክ በዚህ ከተማ ያንተ ብቻ ናት።» ትንሽ አሰበ። «ለትልልቆቹ መኪኖች መሪ የሚገባው ቀይ ዘይት ግን አለኝ። አንድ ዓይነት ነው ይላሉ። አዲስ አበባ ያሉት ይህንኑ ነው የሚጨምሩት።»

ቆርቆሮውን ከፍቶ በጣቱ ነክቶ አሳየው። ቀይ፣ ጥርት ያለ ነው። ዳልጮ እንደዚያ ያለ ቀይ ካየ ቆይቷል።

«እማማ እንዴት ናቸው?» አለ ከድር።

«ወደ ቤቴ እያለች ነው።»

ከድር ያሉትን ቆርቆሮዎች ሁሉ ከመደርደሪያው አውርዶ በጆንያ ቋጠረለት። ዳልጮ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ክንዱን ያዘው። «እሱን ተወው አሁን። አድርሰሃቸው ስትመለስ የገረሴ ገብስ ታመጣልኛለህ። ሚስቴ ቀመሪያም እንዳትሰማ፣ በባዶ እጅ ሸኘኸው ትለኛለች። ቆይ።» ወደ ጓዳ ገብቶ ሎሚ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። «በመንገድ ላይ ይሽተቱት። ማቅለሽለሽ ያስታግሳል።»

ከሰዓት በኋላ እንደገና ሳህኑ፣ እንደገና ሞተሩ። የመለኪያው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ዘይቱ የሚገባውም በዚያው ነው። አገርነሽ ካርቶን እንደ ቀንድ ጠቅልላ ቱቦ ሰካችበትና ያዘችለት፤ እሱ በቀስታ አንቆረቆረ። ትንሽ ያደርጋል፣ ማርሹን በየምልክቱ ያሳልፋል፣ ይወርዳል፣ ይጠርጋል፣ ያያል። ከታችኛው ምልክት ነካ። እንደገና። መሃል ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በጠብታ ነበር የሚጨምረው፣ ቢበዛ አረፋ ይዞ መልሶ ይበላሻል ብላ ሲስተር መናገሯን አገርነሽ አስታውሳዋለችና። የመጨረሻውን በሻይ ማንኪያ ነው የጨመረው ማለት ይቻላል።

«ልክ ነው» አለ። ዘንጉን ወደ ፀሐዩ አድርጎ አሳያት። ዘይቱ የላይኛው ጭረት ላይ፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጥቁሩ ተቀላቅሎም ቢሆን ቅላት አለው። «አየሽ? ልክ ነው።»

«ልክ ነው» አለች አገርነሽ። «ተመስገን።»

ድንጋዩን ከጎማዎቹ ሥር አወጡ። ዳልጮ ገባና ማርሹን ወደ ፊት አደረገ፤ ነዳጁን ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ትንሽ ተንገዳገደች፣ የግቢውን ተዳፋት አንድ ክንድ ያህል ወጣችና እዚያው ሆና ታጓራ ጀመር። ጨመረ። ጩኸቱ ጨመረ። ሽታው መጣ። እግሩን ሲያነሳ ወደ ኋላ ተንሸራታ ቦታዋ ተመለሰች።

ዘይቱ ልክ ነው፤ ዘይቱ የሚያሠራው የማርሹ ሆድ ዕቃ ግን ነድዶ አልቋል። ይህን ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገውም። ውስጥ ያለውን ፈትቶ የሚቀይርለት ሰው በዚህ አገር የለም፤ ዕቃውም ከባሕር ማዶ ነው። አዮ ከመስኮቱ «ተነሳች?» ስትል ሰማት።

«ተነሳች፣ አዮ።»

ከዚያ፣ ከቁጭት ይሁን ከምን እንጃ፣ መኪናዋን በተዳፋቱ አንሸራትቶ ጀርባዋን ወደ ላይ አዞረና ማርሹን ወደ ኋላ አድርጎ ረገጠው። መኪናዋ እንደ በሬ ተነስታ ጠጠሩን እየበተነች ተዳፋቱን ወደ ኋላ ወጣችው፤ አጥሩን ልትጥል ስትል ነው ፍሬን የያዘው።

አገርነሽ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ታየዋለች።

«የኋላ ማርሹ አለ» አለ።

«እሱ ምን ያደርግልናል?»

«ዳገቱን በኋላ ማርሽ እወጣዋለሁ።»

«እስከ ገረሴ?»

«እስከ ቻለችበት።»

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሱ። የኋላውን ወንበር አጥፈው ፍራሽ አነጠፉ፤ አዮን ቡልኮዋን አልብሰው፣ ጀርባዋን የኋላው በር ላይ በተደረደረ ትራስና ደረቅ ሣር በተሞላ ጆንያ አስደግፈው ፊቷን ወደ ፊት አድርገው አስቀመጧት። አገርነሽ ከጎኗ ሆነች። እስከ ሲቀላ ያለውን ቁልቁለት ዳልጮ ሞተሩን አላጠፋም። አዮ ገርሟት «ዛሬ ለምን ትጮሃለች?» አለች።

በሜዳው ላይ መኪናዋ እንደ ታመመ አህያ በዝግታ እያዘገመች ወሰደቻቸው። ጫሞ ሐይቅ በግራ በኩል ጠዋቱን ተቀብሎ ያበራ ነበር። ከኮንሶ መንገድ ወደ ደጋው ተገንጥለው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ግን እንደ ግቢው ሆነች፤ አጓራች፣ ቆመች። ዳልጮ አዞራትና ጀርባዋን ለተራራው ሰጣት።

ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ዞሮ ነው የሚያየው። ዳልጮ ክንዱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ በኋላው መስታወት መንገዱን ሲያይ፣ በእሱና በመንገዱ መካከል የእናቱ ፊት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከጀርባው ነው የጫነው። አሁን እያንዳንዱን ጥምዝ በአዮ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ፣ አገርነሽ በጎን መስኮት አንገቷን አውጥታ «ወደ ግራ... ገደል ነው፣ ተው... አሁን ቀኝ» እያለችው ይወጣል። አዮ ደግሞ በፊት መስታወቱ ቆላው ከሥሯ እየራቀ ሲሄድ ታያለች፤ ሜዳው፣ የጥጥ እርሻው፣ ሐይቁ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች። «ዓይኔ ይወርዳል፣ ጀርባዬ ይወጣል።»

«ወደ ቤትሽ ነው፣ አዮ።»

«ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትገባም።» ሳቅ ብላ ትንፋሿ ያዛት። አገርነሽ የከድርን ሎሚ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት።

ብዙ ወጡ። አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር አዮ አፏን ከፍታ እንደ ውሃ ትጠጣው ጀመር። ዳልጮ ያን ሲያይ ልቡ ተስፋ አደረገ፤ ነዳጁን ሲረግጥ በሆዱ ይጸልያል፤ ከታሸገው ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አንዱን አገርነሽ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ትለዋለች። ከዚያ አንድ ቀይ አፈር ያለበት ጥምዝ ላይ መኪናዋ ነጠር አለች፤ ሞተሩ ብቻውን ጮኸ። እንደገና ረገጠ። ጎማዎቹ ዝም ብለው ቆሙ። የነደደ ጨርቅ ሽታ መኪናውን ሞላው።

ዳልጮ ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ። ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን ሳያጠፋ ማርሹን በየምልክቱ አሳልፎ ዘንጉን መዘዘ፤ ጠረገ፤ መለሰ፤ መዘዘ። ለምን እንዳደረገው ራሱም አያውቅም፤ ሌላ የሚያደርገው አጥቶ ነው። መንገዱ ዘንበል ያለ ነው፤ እዚያ የሚያየው ልክ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም ዘይቱ ምልክቱ ላይ ነበር።

«ምን ሆነች?» አለች አገርነሽ።

«ምንም አልጎደላትም» አለ። ዘንጉን አንስቶ አሳያት። «ምንም አልጎደላትም እኮ።»

ከቆላ ገበያ የሚመለሱ የገረሴ ሰዎች ጨውና ሙዝ ተሸክመው ከሥር ብቅ ሲሉ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙት። «ሳሮ» አሉ፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ከፊት የነበረው ደግፌ የሚባል ጎልማሳ በመስኮቱ አጎንብሶ አዮን አያት፤ የሠፈሯ ሰው ነው፣ ወዲያው አወቃት። ሸክሙን አወረደ።

«የእኛ እናት እኮ ናት» አለ ለሌሎቹ። ሌላ ውይይት አልነበረም። ሁለት አጠና ከመንገድ ዳር ቆረጡ፣ ቡልኮዋን ወጥረው አሰሩ፣ ትራሱን ደረደሩ፤ አዮን እንደ እንቁላል አንስተው አስቀመጧት።

ዳልጮ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ሊይዝ ጎነበሰ። ደግፌ ጉልበቱን አየና ትከሻውን ነካው። «አንተ ቀስ ብለህ ተከተለን፣ ጋሼ። እኛ እየተቀባበልን ነው የምንሮጠው። ካንተ ጋር ካዘገምን ፀሐይ ትቀድመናለች።»

«መኪናዋስ?» አለ አንዱ።

«እሷን ማን ይሰርቃታል?» አለ ደግፌ። «ወደ ኋላ የሚነዳ ሌባ አልሰማንም።»

ሳቁ። ዳልጮም ሊስቅ ሞከረ። አዮ ከቃሬዛው ላይ እጇን ዘርግታ ጣቱን ያዘች፤ ከዚያ ተሸካሚዎቹ ተነሱና ጣቷ አመለጠው። አገርነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ከጎናቸው ሮጠች። በሚቀጥለው ጥምዝ ላይ ታዩት፤ ከዚያ ወዲያ አልታዩም።

ዳልጮ ዱላ ቆርጦ ተከተለ። በየጥምዙ እየቆመ ያዳምጥ ነበር። የሚያዳምጠው ልቅሶ ነው። ከላይ ጩኸት ከመጣ አዮ መንገድ ላይ ቀርታለች ማለት ነው፤ «ሬሳዬን እንዳትወስድ» ብላ የፈራችው ሆነ ማለት ነው። ነፋስ ይሰማል፣ በሬ የሚጠራ ገበሬ ይሰማል፤ ይቀጥላል። ጉልበቱ አብጦ ከሱሪው ጋር ተጣበቀ። አንዴ ወደ ታች ዞሮ አየ። ነጯ መኪና ጥምዙ ላይ ቆማ እንደ ተጣለ ወረቀት ትታያለች። ይህንኑ መንገድ ነበር አዮን ይዞ የወረደው። ሞተሩን ያጠፋበትን አፋፍ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየም።

እንሰቱ መሃል ሲደርስ ማታው ቀርቦ ነበር። ቤቱ አናት ላይ ጭስ አለ፤ የብዙ ሰው ድምፅ የለም። አገርነሽ ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየው ተነሳች።

«ገብታለች» አለችው። ሌላ ነገር እንዳይጠይቅ ቶሎ ቶሎ ትናገር ነበር። «በሩ ላይ አውርዱኝ አለች። ደግፌና እኔ ደግፈናት በእግሯ ነው የገባችው። የምንጯን ውሃ ጠጣች። ያንተን ነገር ስትጠይቅ፣ እየመጣ ነው አልኳት።»

ገባ። አዮ ከእሳቱ አጠገብ ተደግፋለች። ትንፋሿ አጭር ነው፤ ፊቷ ግን ቆላ ሳለች የነበረው አልነበረም፤ ላቧ ደርቋል። አጠገቧ ሲቀመጥ ዓይኗን ገለጠች።

«መኪናዋስ?» አለች።

ዳልጮ እጁን አየ። በጥፍሩ ሥር ቀዩ ዘይት ደርቋል። «ደህና ናት፣ አዮ። ዘይቷ ልክ ነው።»

«እንግዲያ ሲሻለኝ...» አረፈች። «ሲሻለኝ እንደዚያ ቀን ታወርደኛለህ። ዛሬ እንዳደረግከው አይደለም፣ እንዲህ እየጮኸች። እንደዚያ ቀን። ዝም ብላ ስትወርድ፣ ነፋሱ ብቻ ሲሰማ። ንስር ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፣ ልጄ።»

ዳልጮ አፉን ከፈተ። አገርነሽ ከበሩ ሆና ታየው ነበር፤ ምን ሊል እንደነበር አውቃለች፤ በቀስታ ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ አዮ» አለ።

«ማልልኝ።»

«አወርድሻለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ።»

አዮ ፈገግ አለችና ዓይኗን ከደነች። ዳልጮ ቡልኮውን ወደ አገጯ ሳበላት፣ ያበጠውን እግሯን ሸፈነላት። እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ። እጁን እጇ ላይ አድርጎ ትንፋሿን እየሰማ ተቀመጠ፤ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ይመለሳል። ሊነጋጋ ሲል ነቃ፤ ትንፋሿ አይሰማም፣ እጇም በእጁ ሥር ቀዝቅዟል። አገርነሽን ጠራት፤ አገርነሽም ወጥታ የደግፌን ደጅ አንኳኳች።